58 ተሳፋሪ፣ 44 ድምፅ

ኮምቦልቻ ካሉት ፋብሪካዎች በአንዱ፣ ከደሴ የሚመላለሱ 58 ሠራተኞች የጠዋቱ ሰርቪስ ስንት ሰዓት ይነሣ በሚለው በቴሌግራም ድምፅ እንዲሰጡ ተጠየቁ። አማራጮቹ 11:40፣ 11:50 እና 12:10 ነበሩ። ድምፅ መስጫው የሌሊቱ ፈረቃ በሚገባበት ማታ 5 ሰዓት ተከፍቶ ጠዋት 1 ሰዓት ተዘጋ። ስልክ ሎከር ውስጥ ስለሚቀመጥ የሌሊቶቹ 14 ሠራተኞች ሲወጡ ያገኙት ያለቀ ውጤት ነው። ያው ሰርቪስ ደግሞ እነሱን ይዞ ወደ ደሴ ይመለሳል።

12:10 በ17 ድምፅ ጸደቀ። 11:50 14፣ 11:40 13 አገኘ። ከ44 መራጭ 27ቱ ከ12 በፊት መነሣት ፈልጎ ሳለ ድምፁ ለሁለት ተከፈለ። ብዙም ሳይቆይ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ባለው ሐረጎ ላይ ጉም ወረደ። መኪናው ከ1 ሰዓት አልፎ ደረሰ፤ የጠዋቱ ፈረቃ እንዳረፈደ ተመዘገበበት፣ የሌሊቱም ተተኪ እስኪመጣ ማሽኑ ላይ ቆየ።

ስለዚህ ድምፁ በድጋሚ እንዲሰጥ ተወሰነ፤ በድጋሚው መጀመሪያ ሾፌሩ ግሩፑ ውስጥ ገባ። «ጋሼ፣ ጉም ሲሆን ስንት ይፈጃል?» ተብሎ ሲጠየቅ፣ ደኅና ቀን 45 ደቂቃ፣ በጉም ከአንድ ሰዓት በላይ አለ። ይህ ከድምፁ በፊት መታወቅ የነበረበት ነገር ነው! ሦስት ቀን ውይይት ብቻ ሆነ፤ ድምፅ መስጫው ከዚያ በኋላ ተከፍቶ፣ ሁሉም ፈረቃ እንዲደርሰው ሁለት ሙሉ ቀን ቆየ። በ«ነፍስ ይማር» እና በ«ዒድ ሙባረክ» መልእክት እንዳይቀበርም ፒን ተደረገ።

አሠራሩ ላይ ሁለት ነገር ተቀየረ። አንድ ሰው የሚስማማውን ሰዓት ሁሉ እንዲመርጥ ተፈቀደ፤ ድምፅ እንዳይከፋፈል የሚያደርገው ይህ ነው። ቴሌግራም ካልነኩት በስም አልባ ነው የሚከፍተው፤ ይህም ጠፍቶ የመራጩ ስም እንዲታይ ሆነ። ያልመረጠው ማን እንደሆነ ስለታወቀ የፈረቃ ተጠሪዎች እየደወሉ ጠየቁ፤ ስማርት ስልክ የሌለውንም በቃል ጠይቀው ስሙንና ምርጫውን ግሩፑ ላይ ጻፉለት። ጉዳዩ አለቃን የሚነካ ቢሆን ግን ስም አልባው ይሻላል፤ ሰው በስሙ እውነቱን አይናገርም።

ጥያቄው አንዴ ከተላከ አይታረምም። ስለዚህ ሰዓቱ «ከደሴ መነሻ» መሆኑ በግልጽ ተጽፎ፣ ለሁለት ሰው ታይቶ ነው የተለቀቀው። በዚህኛው 11:50 ከ58ቱ የ46ቱን ድምፅ አገኘ።