«ጥቁሩን አንሺልኝ»

ስለ ሞሐመድ አሚን ፊልም የሚሠራ ሰው ዞሮ ዞሮ ኮረም ይገባል። ናይሮቢ የተወለደው ካሜራማን ገና በወጣትነቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1964፣ የዛንዚባርን አብዮት ዘግቧል። ግንቦት 27 ቀን 1983 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ የጥይት ግምጃ ቤት ሲፈነዳ ግራ ክንዱን አጥቷል፤ የድምፅ ባለሙያው ጆን ማታይ እዚያው ሞቷል። ዓለም የሚያውቀው ግን ከቢቢሲው ዘጋቢ ከማይክል በርክ ጋር ኮረም ላይ በሠራውና ጣቢያው ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ባስተላለፈው የረሃብ ዘገባ ነው። በአንድ ጣቢያ ኤዲቲንግ ክፍል ውስጥ ጭቅጭቁ የተነሣውም በዚሁ በኮረሙ ምስል ነው።

የዚያ ዘመን ቴሌቪዥን 4 በ3 ነው፤ ስፋቱ 4 ከሆነ ቁመቱ 3። የዛሬው 16 በ9 ነው። ፋይሉ የመጣው 720 በ576 ሆኖ ነው፤ ፊልሙ የሚገጣጠምበት ታይምላይን ደግሞ 1920 በ1080። ምስሉ በ4 በ3 ቅርጹ ቁመቱን ሞልቶ ሲቀመጥ 1440 ፒክስል ስፋት ይይዝና ግራና ቀኝ 240፣ 240 ፒክስል ጥቁር ይተርፋል። ኤዲተሯም ያስቀመጠችው እንደዚያው ነው። ሊገመግሙ የመጡት ኃላፊ ወንበር ስበው ገና ሳይደላደሉ፣

«ይሄ ጥቁር ነገር ምንድን ነው?» አሉ።

«ጋሼ፣ ሲቀረጽ እንዲህ ነው። የድሮ ስክሪን ነው።»

«የኔ ልጅ፣ ሕዝቡ ቴሌቪዥናችን ተበላሸ ብሎ ይደውልልናል። ጥቁሩን አንሺልኝ።»

ማንሻው ሦስት ዓይነት ነው፤ ሦስቱም ያስከፍላል። አንደኛው ማጉላት ነው። ስፋቱ 1920 እስኪሞላ ሲጎላ ቁመቱ 1440 ይሆናል፤ 360 መስመር፣ ማለትም የምስሉ ሩብ፣ ከላይና ከታች ይቆረጣል። ኮረም ሜዳ ላይ አንዱ ቆሟል፣ አንዱ ተቀምጧል፣ አንዱ ተኝቷል። ከላይ ሲቆረጥ የቆመው ራሱን ያጣል፤ ከታች ሲቆረጥ መሬት የተኛው ሕፃን ይወጣል። ሁለተኛው የራሱን ምስል አደብዝዞ ከጀርባ ማንጠፍ ነው፤ ሠርግ ቪዲዮ ላይ ያምር ይሆናል፣ እዚህ ግን ካሜራው በዞረ ቁጥር ዳርና ዳሩ አብሮ እየዋኘ ዓይን ያዞራል። ሦስተኛው መለጠጥ ነው፤ ምንም ሳይቆረጥ ወደ ጎን መሳብ። ጋሼ የመረጡት ይሄን ነው። ምንም አይጠፋም፣ ሁሉም ይሞላል።

ኤዲተሯ አልተከራከረችም። ልጅ ያቀፈች እናት ያለችበትን አንድ ፍሬም ሁለት ጊዜ ጎን ለጎን ደረደረችው፤ ግራው እንደተቀረጸው፣ ቀኙ ተለጥጦ። 4 በ3 ወደ 16 በ9 ሲሳብ ስፋቱ በሢሶ ይጨምራል። ከትከሻ ወደ ታች የተንጠለጠለ፣ አጥንቱ የቀረ ክንድ ሢሶ ሲጨመርበት ክንድ ይሆናል። የገባው ጉንጭ ይወጣል። የልጁ አንገት ጭንቅላቱን መሸከም የሚችል ይመስላል።

«ወፈሩ እኮ ጋሼ።»

ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፤ መልሰው አደረጉና አዩ። «ትንሽ ሞላ ቢሉ ምን አለበት? እንዲያውም ለተመልካች አይከብድም።»

ክፍሉ ውስጥ መልስ የሰጠ የለም። ለእንዲህ ያለ አስተያየት የሚሰጠው መልስ የሥራ መደብ ይጠይቃል።

ልጅቷ ግን አንድ ሌላ ነገር አሳየቻቸው። በተለጠጠ ምስል ላይ የሚወፍረው የቆመ ሰው ብቻ ነው፤ የተኛ ይረዝማል። እዚያው ሾት ውስጥ እናት ስትፋፋ አጠገቧ በጨርቅ የተሸፈነው ሰው ዘንግ ያህል ይሳባል። ካሜራው ወደ ጎን በተንቀሳቀሰ ቁጥርም ሩጫው በሢሶ ይፈጥናል። «እሺ፣ ይታያል» አሉ፤ «ይታያል» ማለት «ተለጥጦ ይውጣ» ማለት ነው።

ሌላም ጣጣ ነበረ። ከሌላ ቦታ ከተለመኑት ክሊፖች ገሚሶቹን ቀድሞ ያወጣቸው ሰው ለጥጦ ኤክስፖርት አድርጓቸዋል፤ ጥቁር የላቸውም፣ ጤነኛ ይመስላሉ። እነዚህን የሚያጋልጣቸው ክብ ነገር ነው፤ ጎማ፣ የግድግዳ ሰዓት፣ የበርሜል አፍ። ካሜራው ፊት ለፊት ያየው ክብ በስፋትና በቁመት እኩል ካልሆነ ፋይሉ ተነክቷል። መፍትሔው ስፋትና ቁመትን አብሮ የሚቀይረውን ዩኒፎርም ስኬል አጥፍቶ ስፋቱን ብቻ 75 በመቶ ማድረግ ነው፤ መልኩ ይመለሳል፣ የጠፋው ጥራት ግን አይመለስም። ደግሞ የድሮ ቪዲዮ መስመሮቹ እየተፈራረቁ በሁለት ግማሽ፣ በሁለት ፊልድ፣ የተከፈለ ነው፤ መጀመሪያ ዲኢንተርሌስ፣ ማለትም ወደ ሙሉ ምስል መቀየር፣ ከዚያ ማሳደግ። ቅደም ተከተሉ ከተገላበጠ የማበጠሪያ ጥርስ የመሰሉት መስመሮች አብረው ያድጉና ሰው በተንቀሳቀሰ ቁጥር ጠርዙ ይሰነጣጠቃል። ፊልድ ኦርደሩ፣ ማለትም የትኛው ፊልድ እንደሚቀድም፣ ከተሳሳተ ደግሞ የሚራመድ ሰው ወደፊትና ወደኋላ ይንዘፈዘፋል፤ ይሄ በኮምፒውተር ስክሪን ላይ ላይታይ ይችላል፣ አየር ላይ ሲወጣ ነው ጉድ የሚፈላው።

የተለጠጠው ቅጂ እስከ መጨረሻው ታየ። መጨረሻው የአሚን ሞት ነው፤ ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. የተጠለፈው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ነዳጅ ጨርሶ ኮሞሮስ ዳርቻ ባሕር ላይ ሲያርፍ ከሞቱት 125 ሰዎች አንዱ እሱ ነበር። ለዚህ ክፍል ከጣቢያው አርካይቭ በዚያ ሰሞን የተሠራ ቃለ መጠይቅ ተገኝቷል። ማይክ ይዞ የሚጠይቀው ወጣት ሪፖርተር ጋሼ ራሳቸው ናቸው።

«ቆይ፣ ቆይ። አቁሚው።»

አቆመችው።

«እንዲህ ወፍራም ነበርኩ እንዴ?»

«አይ ጋሼ፣ ተለጥጦ ነው።»

«እኔ እኮ ያኔ እንጨት ነበርኩ! ሰው ምን ይለኛል? መልሺው፣ መልሺው።»

መለሰችው። ጥቁሩ ግራና ቀኝ ተመልሶ መጣ፣ ጋሼም ቀጠኑና ወጣት ሆኑ፣ ደስ አላቸው። ልጅቷም በዚያው ፋታ፣ ድምፅዋን ከፍም ዝቅም ሳታደርግ፣ «አንዱ ጥቁር ኖሮት ሌላው ከሌለው ማስተር ኮንትሮል አይቀበለንም፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ይሁን?» አለች። ሥራውን አየር ላይ የሚያወጣው ክፍል፣ ማስተር ኮንትሮል፣ እንዲህ የሚል ደንብ ያለው አይመስልም። ግን ማንም አላስተባበለም። «አንድ ዓይነት ይሁን» ብለው ፈረሙ፣ ኮረምም እንደተቀረጸው ወጣ።

ከዚያ ወዲህ ጋሼ በየስብሰባው ኦርጅናል ካልተጠበቀ ታሪክ ይዛባል እያሉ ያስተምራሉ። ባለፈው የቀረበላቸው ሥራ ከጫፍ እስከ ጫፍ በዘንድሮ ካሜራ በ16 በ9 የተቀረጸ ነበር። አንዴ አዩትና መለሱት፤ «ጥቁሩ የታለ? ለጥጣችሁት ነው» ብለው።