ሕጂ ወይስ ሂጂ?

መጀመሪያ ያፈርኩበትን ቀን ልንገራችሁ። መስከረም 2015 ነው። ጀሞ፣ ከኮንዶሚኒየሞቹ ጀርባ፣ ጎረቤቴ በነፃ የሰጠችኝ አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ሰባት ሴት ልጆች ተቀምጠዋል። አምስቱ ከኤርትራ፣ ሁለቱ ከሶማሊያ የመጡ ናቸው። እኔ የአማርኛ አስተማሪ ነኝ፤ አንደኛ ደረጃ ላይ 11 ዓመት አስተምሬያለሁ። እንደለመድኩት የፊደል ገበታ ሰቀልኩና በዘንግ እየጠቆምኩ «ሀ፣ ሁ፣ ሂ» ማለት ጀመርኩ።

ከኋላ የተቀመጠች የ14 ዓመት ልጅ እጇን አወጣች። ነይ አልኳት። ዘንጉን ተቀብላኝ ከ«ሀ» እስከ «ፐ» አንዴም ሳትደናቀፍ ወረደችው። ከዚያ ገበታውን ከላይ እስከ ታች አየችና በትግርኛ አንድ ነገር ጠየቀችኝ። ጓደኛዋ ተረጎመችልኝ፦ «ቲቸር፣ ‹ቐ› የለም ወይ?»

ምን ልበላችሁ! ኤርትራ ውስጥ አንደኛ ደረጃ የሚማሩት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ነው። ልጅቷ በትግርኛ ስታነብና ስትጽፍ ኖራለች። ፊደሉንማ ከእኔ ገበታ አስበልጣ ነው የምታውቀው። ፊደል የሚያስፈልጋቸው ሁለቱ የሶማሊያ ልጆች ነበሩ፤ ሶማሊኛ በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ። እኔ ግን ሳልጠይቅ ሁሉንም አንድ ላይ ከዜሮ አስጀመርኳቸው። አማርኛ የማይችል ሰው ምንም የማይችል ይመስለናል መሰለኝ።

እንዴት እንደገባሁበት ባጭሩ ላውራ። በ2013ቱ ጦርነት ትግራይ ውስጥ የነበሩት የሽመልባና የሕፃጽ የኤርትራ ስደተኞች መጠለያዎች ከፈረሱ በኋላ ብዙ ቤተሰብ ወደ አዲስ አበባ መጣ። ከዚያ በፊትም ለኤርትራውያን ከካምፕ ውጭ መኖር ከ2002 ጀምሮ ተፈቅዶ ስለነበር ዘመድ ያለው ዘመዱ ጋ ተጠጋ። የእኛ ሰፈር ኪራይ ከመሃል ከተማ ስለሚሻል አንድ ክፍል ለስድስት፣ ለሰባት ሆነው ይከራያሉ። አዋጅ ቁጥር 1110/2011 የስደተኛ ልጅ እንደ ዜጋው ልጅ አንደኛ ደረጃ የመማር መብት እንዳላት ይናገራል። ግን የአዲስ አበባ ትምህርት ቤት በአብዛኛው በአማርኛ ነው። የ14 ዓመት ልጅ አማርኛ ስለማትችል ከዘጠኝና ከአሥር ዓመት ልጆች ጋር ስትቀመጥ አስቡት። በሦስተኛው ቀን ትቀራለች። እኔም ይህን ለማስቀረት ነበር የቅዳሜ ትምህርት የጀመርኩት።

ኅዳር ላይ ሰባቱ አራት ሆኑ። እውነቱን ለመናገር እኔም ሰልችቶኝ ነበር።

ኳሱን ያመጣሁት እኔ አይደለሁም። አንድ ቅዳሜ ተውላጠ ስም ሳስተምር አራቱም ልጆች በመስኮት ውጭ ውጭ ያያሉ። የሰፈሩ ወንዶች ልጆች ኳስ ይጫወታሉ። ተናደድኩና «በቃ ውጡ!» አልኳቸው። እንደ ቅጣት ነበር። እነሱ ግን ወጥተው ኳሱን ተቀላቀሉ። በሚቀጥለው ቅዳሜ አራቱ ዘጠኝ ሆነው መጡ።

የጎረቤቴ ልጅ በክፍለ ከተማ ቡድን የተጫወተ ነው። ለመንኩት፣ እሺ አለ። ሁለት ቡድን የሚሞላ ሰው ስላልነበረን የሰፈሩን ሴት ልጆች ጠራልኝ። አስቤበት ያደረግኩት ነገር አልነበረም፤ ሰው ጎሎን ነው። ዛሬ ላይ ሆኜ ሳየው ግን ከሠራሁት ሁሉ ትልቁ ይሄ ነው። እስከዚያ ድረስ ልጆቹ አማርኛ የሚያወሩት ከእኔ ጋር ብቻ ነበር። ከአስተማሪ ጋር ደግሞ ማን ያወራል?

አሰልጣኛችን ወንዶች ሲያሠለጥን የኖረ ስለሆነ አፉ የለመደው «ና!»፣ «ምታ!»፣ «ውሰድ!» ነው። ልጆቹም እንዳለ ቀዱት። «አንተ! ና! ምታው!» ይባባላሉ፣ ሁሉም ሴቶች። የሰፈሩ ልጆች በሳቅ ሞቱ።

ትግርኛም ለሴት የተለየ ትእዛዝ አለው፤ «ንዒ» ይላል። ስለዚህ ነገሩ ለኤርትራ ልጆች አዲስ አይደለም። የሚያስቸግራቸው አማርኛ ድምፁን መለወጡ ነው። «ውሰድ» ይልና ለሴት ሲሆን «ውሰጂ»። «ሩጥ» «ሩጪ» ይሆናል፣ «ያዝ» «ያዢ»፣ «መልስ» «መልሺ»፣ «አቀብል» ደግሞ ጭራሽ «አቀብዪ»። ይህን በሰንጠረዥ ሠርቼ ክፍል ውስጥ አንድ ወር ለፍቼበታለሁ፤ ጠብ ያለ ነገር የለም። ሜዳ ላይ አንድ ሕግ አወጣን፦ ጓደኛዋን በወንድ የጠራች ኳሷን ለተጋጣሚ ታስረክባለች። ሁለት ቅዳሜ በቃ። በቅጣቱ የተማረረው አሰልጣኙ ነው። ከመስመር ውጭ ሆኖ «ምታ!» ባለ ቁጥር ኳስ ስለምንቀማ አንድ ቀን ከእረፍት በኋላ ፊሽካውን ከአፉ ሳያወጣ ጨረሰ።

አሁን ወደ «ሕጂ» ልምጣ። (ስም አልጠራም፣ የሚጫወቱበትን ቦታ እየጠራሁ ነው የምነግራችሁ፤ ምክንያቱን ወደ በኋላ እናገራለሁ።)

አጥቂያችን ከኤርትራ ናት፤ ፈጣን፣ ትዕግሥት የሌላት። የመስመር ተጫዋቿ የሰፈር ልጅ ናት። የመስመር ተጫዋቿ ኳስ ይዛ ትመጣለች። አጥቂዋ ጎሉ ፊት ብቻዋን ቆማ «ሕጂ! ሕጂ!» እያለች ትጮኻለች። በትግርኛ «አሁን! አሁን!» ማለቷ ነው፤ ኳሱን አሁን ስጪኝ። የሰፈሯ ልጅ ግን የሰማችው «ሂጂ! ሂጂ!» ነው። ሄደች። ጭንቅላቷን ደፍታ፣ አጥቂዋን አልፋ፣ ሦስት ተከላካይ መሃል ገባችና ኳሷን አስቀማች።

አጥቂዋ እጆቿን ወደ ሰማይ አነሳች። «ምን ሆነሽ ነው የማታቀብዪኝ!»

«አንቺ ነሽ ሂጂ ያልሽኝ!»

«መቼ አልኩሽ!»

«ሁለቴ ነው ያልሽኝ! ሁሉም ሰምቷል!»

ማሊያ ሊያያዙ ነው። ሮጬ ገባሁ፣ ጉልበቴ እንደዚያ እያመመኝ። የወደቀ እንጨት አንስቼ አቧራው ላይ ሁለቱን ቃላት ጻፍኳቸው፤ «ሕጂ» በአንድ በኩል፣ «ሂጂ» በሌላ በኩል። ተሰብስበው አጎንብሰው አነበቡ። መጀመሪያ የሳቀችው አጥቂዋ ናት።

ከዚያ ያልጠበቅኩት መጣ። አጥቂዋ የሰፈሩን ልጆች አሰልፋ «ሕ» ማስተማር ጀመረች። አማርኛ እኮ «ሐ»ንም «ሀ»ንም አንድ አድርጎታል፤ እኛ ጉሮሯችን ውስጥ ያንን ድምፅ የምናወጣበት ቦታ የለንም። አንዷ እየተናነቃት «ኽ» ትላለች፣ ሌላዋ ትስላለች። በረኛዋ፣ ያቺ «ቐ የለም ወይ?» ያለችው ልጅ፣ ሆዷን ይዛ መሬት ላይ ተቀመጠች። ለሁለት ወር በአማርኛቸው የተሳቀባቸው ልጆች ያን ቀን እነሱ ሳቁ። ከዚያ ቅዳሜ በኋላ አማርኛ ለመናገር የምታፍር ልጅ አላየሁም። እኔም ተሞክሬ ወድቄያለሁ፤ እስከ ዛሬ የእኔ «ሕ» ትክክል አይደለችም ይሉኛል።

ከዚያ ወዲህ ክፍሉና ሜዳው ቦታ ተቀያየሩ። መጀመሪያ አንድ ሰዓት ተኩል እንጫወታለን። ጨዋታው ላይ የተሳሳትነውን፣ የተጣላንበትን፣ ያልገባንን ቃል እኔ ማስታወሻ ላይ እጽፋለሁ። ከዚያ ክፍል ገብተን የምንማረው እሱን ነው። መማሪያ መጽሐፉን ዘጋሁት።

እናቶቹ ግን ሌላ ወሬ ነው። የበረኛዋ እናት ቤት ሄድኩ። አደይ (በትግርኛ «እናቴ» ማለት ነው፤ እንደዚያ ነው የምጠራቸው) ቡና አፈሉልኝ፣ ፈንዲሻ አቀረቡ፣ በደንብ አስተናገዱኝ። ሦስተኛው ላይ ስንደርስ፣ ልጅቷ እያስተረጎመች፣ «ጓለይ (ልጄ)፣ እኛ ፕሮሰስ ላይ ነን። ካናዳ ልንሄድ ነው። አማርኛ ምን ያደርግላታል? እንግሊዝኛ ከሆነ ይሁን» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። ትክክል ናቸው እኮ። ሰፈራችን ውስጥ ፕሮሰስ ላይ ያልሆነ ቤተሰብ የለም። ነገር ግን ያ ፕሮሰስ ስንት ዓመት እንደሚፈጅ የሚያውቅም የለም። እስከዚያ አከራይ አለ፣ ታክሲ አለ፣ ጤና ጣቢያ አለ። ተከራከርን፣ ተስማማን፤ ከክፍሉ ሰዓት ግማሹ እንግሊዝኛ እንዲሆን። የእኔ እንግሊዝኛ የሚያኮራ ስላልሆነ አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ለመንኩ።

የሶማሊያዎቹ አባት ጥያቄ ሌላ ነበር፤ ሂጃብ። ፊፋ ጭንቅላት መሸፈንን ከ2006 ጀምሮ በሕግ እንደፈቀደ ነገርኳቸው፤ ስልኬ ላይም አሳየኋቸው። ችግሩ ሕጉ ሳይሆን ስፒሉ ነበር፤ ኳስ በጭንቅላት ስትመታ ይወጋል። ልብስ ሰፊ ጋ ሄደን ከሚለጠጥ ጨርቅ ያለ ስፒል የሚጠለቅ አሰፋን። ረመዳን ሲሆን ደግሞ ጨዋታውን ትተን ክፍሉን ብቻ እንይዛለን። የሞዴሱን ነገር ሳልጠየቅ ማወቅ ነበረብኝ። አንዳንድ ልጅ በወር አንድ ቅዳሜ ለምን እንደምትቀር የገባኝ በአራተኛው ወር ነው፤ ሴት ሆኜ! አሁን የኳሱ ከረጢት ውስጥ ሁልጊዜ ሁለት እሽግ አለ። ማንም ሳይጠይቅ ይወስዳል።

ስም የማልጠራበትን ምክንያት ልንገራችሁ። በሁለተኛው ዓመት እንግዶች ማሊያ ይዘው መጡ። ደስ አለን። ማሊያው ግን ለስደተኞቹ ብቻ ነበር የተቆጠረው፤ የሰፈሩ ልጆች ባዶ እጃቸውን ቆመው አዩ። ይባስ ብሎ ፎቶ ተነሳ፣ ማታውኑ ፌስቡክ ላይ ወጣ፤ ፊታቸው ጥርት ብሎ፣ ሰፈሩ ተጽፎ። በማግስቱ አንዲት እናት መጣች። ትታው የመጣችው ዘመድ አለ፣ የምትፈራው ሰው አለ። አልጮኸችም። ሁለቱን ልጆቿን ወሰደች፣ ከወር በኋላ ቤትም ቀየሩ። አላገኘኋቸውም። ጥፋቱ የእንግዶቹ ነው ብዬ ራሴን ማጽናናት እችል ነበር፤ ግን በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ። አሁን ወላጅ ሳይፈቅድ ስልክ ከኪስ አይወጣም። ማሊያዎቹንም አንድ ከረጢት ውስጥ ቀላቅለናቸዋል፤ ጠዋት ጠዋት ማንም የደረሰውን ይለብሳል።

በ2016 ፓሪስ ኦሊምፒክ ላይ ሲንዲ ንጋምባ በቦክስ ነሐስ ስታገኝ፣ ለስደተኞች ቡድን የመጀመሪያው ሜዳሊያ ነበር። ቪዲዮውን አሳየኋቸው፤ ያለቅሳሉ ብዬ። እነሱ «ቲቸር፣ ቦክስ መቼ ነው የምንጀምረው?» አሉኝ። አሰልጣኙ ደነገጠ።

አንድ ነገር ይቀረኛል። በረኛዋ አማርኛዋ ከሁሉም ቀድሞ ተስተካከለ፤ ትምህርት ቤትም ገብታ ስድስተኛ ክፍል ደረሰች። እናቷን ጤና ጣቢያ ይዛ ሄዳ ታስተረጉማለች። እኔ ይህን ላገኘሁት ሰው ሁሉ እያወራሁ እኮራ ነበር። አንድ ሐሙስ ማታ አደይ ቤቴ መጡ። ለመጀመሪያ ጊዜ ልጃቸውን ሳይዙ፣ በተሰባበረ አማርኛ።

«ልጄ የኔን ሕመም ለሐኪም ስትናገር... አፈርኩ» አሉኝ። «የሴት ነገር ነው። ልጅ አይሰማም።»

ዝም አልኩ። ያቺ የምኮራባት ልጅ ሐኪም ፊት ምን ስትል እንደነበር አንዴም አስቤ አላውቅም።

«ፕሮሰሱ ዘገየ» አሉ። «እኔንም አስተምሪኝ። ኳሱን ግን ተዪኝ።»

አሁን ቅዳሜ ጠዋት አደይና ሌሎች አራት እናቶች ከጎሉ ጀርባ ድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ። «እዚህ ጋ ያመኛል»፣ «ከመቼ ጀምሮ?»፣ «ሴት ሐኪም አለች ወይ?» እንለማመዳለን። ባለፈው ቅዳሜ ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር፣ ፉሪ ተራራ ጭጋግ ለብሷል፣ ሜዳው ጭቃ ነው። ኳስ ከጎል አልፋ እግራቸው ሥር መጥታ ቆመች። አደይ ኳሷን አዩ፣ ነጠላቸውን ሰበሰቡ፣ ከዚያ በኮንጎ ጫማቸው ለጓት። ጭቃው እስከ ጉልበታቸው ተረጨ።

«ያዢ!» አሉ ልጃቸውን።