በቶዮታ የዓመት ሒሳብ ውስጥ አስቀድሜ የማነበው ገጽ

ቶዮታ እ.ኤ.አ. ማርች 31 ቀን 2025 የተጠናቀቀውን የሒሳብ ዓመት ውጤት በሜይ 8 ቀን ሲያቀርብ፣ ገቢው ወደ 48 ትሪሊዮን የን ማደጉን፣ ከዋና ሥራው ያገኘው ትርፍ ግን ከ5.35 ወደ 4.8 ትሪሊዮን የን ግድም መውረዱን ለባለአክሲዮኖቹ አሳወቀ። በቀደመው ዓመት ከ5 ትሪሊዮን የን በላይ ያተረፈ የመጀመሪያው የጃፓን ኩባንያ ተብሎ ስለነበር፣ ብዙዎች ዜናውን የማሽቆልቆል ምልክት አድርገው ወሰዱት። እኔ ግን በዚህ ድምዳሜ አልስማማም፤ ምክንያቱም የትርፉ መጠን ብቻውን ስለ ኩባንያው ጥንካሬ የሚነግረን በጣም ጥቂት ነው።

ከውጤቱ ጋር በሚወጣው ሰነድ ውስጥ ትርፉ ለምን እንደተለወጠ የሚያሳይ አንድ ገጽ አለ። በግራ በኩል ያለፈው ዓመት ትርፍ፣ በቀኝ በኩል የዘንድሮው ይቆማል፤ በመካከላቸው የምንዛሪ ለውጥ፣ የወጪ ቅነሳ፣ የሽያጭ እንቅስቃሴና የወጪ ጭማሪ እያንዳንዳቸው ስንት እንደጨመሩና ስንት እንደቀነሱ በተርታ ተቀምጧል። ቶዮታ በጃፓን ከሚያመርታቸው መኪኖች ብዙዎቹን ወደ ውጭ ስለሚልክ፣ የን በዶላር አንጻር በአንድ የን ብቻ ሲዳከም የዓመቱ ትርፍ በ50 ቢሊዮን የን ገደማ ከፍ ይላል። እንዲህ ያለውን ጭማሪ ከፋብሪካው ሠራተኛ ልፋት ጋር ደምሮ ማሞገስ ተገቢ አይመስለኝም።

ስለ ቀጣዩ ዓመት የተሰጠው ትንበያ ይህንኑ በግልጽ ያሳያል። ኩባንያው አንድ ዶላር በ145 የን እንደሚመነዘር ገምቶ ትርፉ ወደ 3.8 ትሪሊዮን የን እንደሚወርድ ገለጸ። ትርፉን ከሚቀንሱት ምክንያቶች መካከል 745 ቢሊዮን የን የሚሆነው ከምንዛሪ፣ 350 ቢሊዮኑ ከጥሬ ዕቃ ዋጋ፣ 180 ቢሊዮኑ ደግሞ ከአሜሪካ ታሪፍ፣ ማለትም ወደ አገሪቱ በሚገቡ ዕቃዎች ላይ ከሚጣለው ቀረጥ፣ የሚመጣ ነበር። ይሁንና የታሪፉ ስሌት የአፕሪልንና የሜይን ወራት ብቻ የያዘ ነው። ይህን ያላስተዋለ ባለአክሲዮን፣ በኦገስት ወር የዓመቱ የታሪፍ ጉዳት 1.4 ትሪሊዮን የን እንደሚደርስ ተነግሮ ትንበያው ወደ 3.2 ትሪሊዮን ሲወርድ መደንገጡ አይቀርም። አመራሩ ያላወቀውን ነገር አለመገመቱ ታማኝነት ነው፤ ነገር ግን የሁለት ወር ስሌት መሆኑ ከዋናው ቁጥር ጎን በጉልህ መጻፍ ነበረበት።

ስለ ረጅሙ ጊዜ ስናስብ የሽያጩን ዓይነት ማየት ያስፈልጋል። ቶዮታና የቅንጦት መኪና ምልክቱ ሌክሰስ በዚያ የሒሳብ ዓመት ከሸጧቸው ከ10 ሚሊዮን በላይ መኪኖች 46 በመቶ የሚሆኑት የኤሌክትሪክ ሞተር ያላቸው ሲሆኑ፣ ከእነዚህ እጅግ የሚበዙት ነዳጅንና ኤሌክትሪክን አጣምረው የሚሄዱ ሃይብሪዶች ነበሩ። በባትሪ ብቻ የሚሄዱት ከጠቅላላው ሽያጭ 2 በመቶ እንኳ አይሞሉም ነበር። ዛሬ ትርፉን የሚያመጣው ሃይብሪድ በመሆኑ የአመራሩን ጥንቃቄ እረዳለሁ፤ የቻይና አምራቾች በባትሪ መኪና በፍጥነት እየገሰገሱ ባሉበት ጊዜ ግን ይህ አነስተኛ ድርሻ ያሳስበኛል።

በዚያ የሒሳብ ዓመት ለአንድ አክሲዮን የሚከፈለው የትርፍ ድርሻ ከ75 ወደ 90 የን ከፍ ብሏል፤ ትርፉ እንደሚቀንስ በተተነበየበት ቀጣዩ ዓመትም 95 የን ለመክፈል ታቅዶ ነበር። ባለአክሲዮኖች በዚህ መደሰታቸው ተገቢ ነው። ከገንዘቡ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ የመኪኖቹ ፍተሻ ጉዳይ ነው። የቶዮታ ንብረት የሆነው መኪና አምራች ዳይሃትሱ የደህንነት ፍተሻ ውጤቶችን በማዛባቱ በዲሴምበር 2023 መኪኖቹን ሁሉ መላክ አቁሞ ነበር፤ በጁን 2024 ቶዮታ ራሱ በፍተሻ ጉድለት ምክንያት በጃፓን የሦስት ሞዴሎችን ምርት ለማቆም ተገዷል። በዚያው ወር በተካሄደው ጠቅላላ ጉባኤ የቦርድ ሰብሳቢው አኪዮ ቶዮዳ ያገኙት ድጋፍ ከቀደመው ዓመት 85 በመቶ ገደማ ወደ 72 በመቶ ገደማ ወረደ። ባለአክሲዮኖቹ በድምፃቸው የጠየቁት ይህ ጉዳይ በሒሳቡ ውስጥም መልስ ሊያገኝ ይገባል። ለፍተሻ ባለሙያዎችና ለፍተሻው በቂ ጊዜ ለመስጠት የሚወጣው ገንዘብ ከጠቅላላ ወጪ ጋር ሳይቀላቀል፣ ትርፉ ለምን እንደተለወጠ በሚያሳየው በዚያው ገጽ ላይ ራሱን ችሎ እንዲቀመጥ እጠይቃለሁ።