ሐይቁን የጠቀስኩበት ኢሜይል

አሜሪካ በገባሁ በሁለተኛው ወር ሥራ ጀመርኩ። የካምፓሱ ካፍቴሪያ ውስጥ ሳህን ማጠብ ነበር። ኤፍ-1 የሚባለው የተማሪ ቪዛ ያለው ሰው ትምህርት ባለበት ጊዜ ካምፓስ ውስጥ በሳምንት እስከ 20 ሰዓት መሥራት ይፈቀድለታል፤ በእረፍት ወቅት ደግሞ ሙሉ ሰዓት። ካፍቴሪያው የቅጥር ደብዳቤ ሰጠኝ። የዓለም አቀፍ ተማሪዎች ቢሮም የራሱን ደብዳቤ ጻፈልኝ። ሁለቱን ይዤ ሄጄ ለደመወዝና ለግብር የሚያስፈልገውን የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር አወጣሁ። እዚህ ድረስ ቀላል ነበር።

የከበደኝ ምርምር ውስጥ መግባት ነው። የመጣሁት የውኃ ምህንድስና ለመማር ነበርና ላብ ውስጥ መሥራት እፈልግ ነበር። ስለዚህ ለ60 ፕሮፌሰሮች ኢሜይል ላክሁ። ሁሉም አንድ ዓይነት ነው፤ የምቀይረው ስም ብቻ ነበር። «ታታሪና ጉጉ ተማሪ ነኝ፣ ሲቪዬን አያይዣለሁ» ይላል። አንዱ ላይ የሌላ ሰው ስም ሳልቀይር ልኬዋለሁ፤ ዛሬም ትዝ ሲለኝ ያመኛል። ማንም አልመለሰልኝም።

በዚያው ሰሞን ለበጋ የምርምር ፕሮግራም ሁለት ሳምንት ሙሉ ማመልከቻ ስጽፍ ከረምኩ። ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን ገንዘብ የሚሰጠው፣ አበል ያለው ፕሮግራም ነው። ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ ነው ታች ያለችውን መስመር ያነበብኳት፦ ለአሜሪካ ዜጎችና ለቋሚ ነዋሪዎች ብቻ። የዚያን ቀን ማታ ካፍቴሪያው ውስጥ ሳህን እያጠብኩ እንባዬ መጣ። ማንኛውንም ማስታወቂያ ስታነቡ መጀመሪያ ማን ማመልከት እንደሚችል የሚለውን ፈልጉ። በኋላ የገባኝ ነገር ደግሞ አለ። ያው ፋውንዴሽን ለፕሮፌሰሮች የሚሰጠው መደበኛ የምርምር ገንዘብ የውጭ ተማሪ ለመቅጠርም ይውላል። ስለዚህ በሩ ያለው ፕሮፌሰሩ ጋ ነው።

በገና እረፍት ስልሳውን ትቼ አንዲት ፕሮፌሰር መረጥኩ። የሐይቆችን መቀነስ በሳተላይት ምስል የምታጠና ናት። አንድ ጽሑፏን ሦስት ጊዜ አነበብኩ፤ መጀመሪያ ላይ ግማሹ አልገባኝም ነበር። ሳነበው ግን ሐረማያ ትዝ አለኝ። እኔ ያደግኩት ሐረር ነው። ከተማዋ ለዓመታት የመጠጥ ውኃዋን የምታገኘው ከሐረማያ ሐይቅ ነበር። ሐይቁ ደረቀ። እኛ ቤት ቢጫ ጀሪካን ደርድረን ወረፋ እንጠብቅ ነበር፤ አባቴ ደግሞ ድሮ ጀልባ ይሄድበት የነበረውን ቦታ እያሳየኝ ከብት ሲግጥበት አይቻለሁ።

ላንድሳት የሚባሉት የአሜሪካ ሳተላይቶች ምስሎች ከ2008 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለማንም ነፃ ናቸው። የሐረማያን የ1986 እና የ2011 (እ.ኤ.አ.) ምስሎች አወረድኩ። የውኃውን ጠርዝ በእጄ እየተከተልኩ አሰመርኩ። ኢሜይሌ አምስት ዓረፍተ ነገር ነበር፦ ከየት እንደመጣሁ፣ የትኛው ጽሑፏን እንዳነበብኩ፣ ያልገባኝ አንድ ጥያቄ፣ የሠራሁት ካርታ፣ በሳምንት ስንት ሰዓት እንዳለኝ። በሁለተኛው ቀን መለሰች። «ሐሙስ የላብ ስብሰባ አለን፣ ካርታህን ይዘህ ና።»

ካርታዬ ስህተት ነበረበት። ረግረጉን ከውኃው ጋር ቀላቅዬዋለሁ። አንድ የዶክትሬት ተማሪ አጠገቤ ተቀምጦ ሁለት ሰዓት ሙሉ አስተካከለኝ። በቀጣዩ ሰሚስተር በሳምንት 10 ሰዓት፣ በክፍያ ተቀጠርኩ። ካፍቴሪያውንም ወደ 10 ሰዓት ቀነስኩት፤ የሚፈቀደው 20 ሰዓት የሁለቱ ድምር ነውና።

በመሃል አንድ የአገሬ ሰው ምግብ ቤቱ ውስጥ እንድሠራ ጠየቀኝ። «በካሽ ነው፣ ማን ያይሃል?» አለኝ። ገንዘቡ ያስፈልገኝ ነበር። ቤተ ክርስቲያን የማውቃቸው አንዲት እናት ግን «ልጄ፣ ለዚህች ብለህ ወረቀትህን እንዳታበላሽ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ያለ ፈቃድ መሥራት የተማሪነት ፈቃድን ያሳጣል።

ከካምፓስ ውጭ ለመሥራት አብዛኛው ተማሪ መጀመሪያ አንድ የትምህርት ዓመት መጨረስ አለበት። ከዚያ ከትምህርቱ ጋር የተያያዘ ሥራ ካገኘ ሲፒቲ የሚባለውን፣ ትምህርት ሳያልቅ የሚሰጥ የሥራ ፈቃድ ይጠይቃል። ፈቃዱ አይ-20 በሚባለው፣ ትምህርት ቤቱ በሚሰጠው የተማሪነት ሰነድ ላይ ሳይጻፍ አንድ ቀን እንኳ መጀመር የለበትም። ሙሉ ሰዓት ሲፒቲ 12 ወር ከሞላ ደግሞ በዚያ የትምህርት ደረጃ ኦፒቲ፣ ማለትም ትምህርት ከተጨረሰ በኋላ በሙያ ለመሥራት የሚሰጠው ፈቃድ፣ አይገኝም። ይህን ቀድሞ የነገረኝ ሰው ስለነበረ አንድ በጋ ብቻ ተጠቀምኩበት።

ኦፒቲዬን ትምህርቴ ሊያልቅ 90 ቀን ሲቀረው አመለከትኩ፤ ከዚያ በፊት አይቀበሉም። ፈቃዱ ከጀመረ በኋላ ያለ ሥራ መቆየት የሚቻለው በድምሩ 90 ቀን ነው። ግድግዳዬ ላይ ባለው ካሌንደር ቀኑን በእርሳስ እቆጥር ነበር። 41 ላይ ስልኬ ጠራ። ረግረጉን ከውኃ እንድለይ ያስተማረኝ ያ የዶክትሬት ተማሪ ነው። የገባበት መሥሪያ ቤት የሳተላይት ምስል የሚያነብ ሰው እየፈለገ ነበር።