ማርሽ ውስጥ ናት ብዬ የተማመንኩባት ኮሮላ

ባለፈው ክረምት ሽሮ ሜዳ አንድ ደንበኛዬ ቤት ሄጄ የኮሮላ የፊት አክስል፣ ማለትም ከካምቢዮው (ከማርሽ ሳጥኑ) ኃይል ወደ ጎማ የሚወስደውን ሻፍት፣ ልቀይር ነው። በፈረንጅ 1994 የተሠራች ናት፣ መሪ ሲጠመዘዝ ቋ ቋ ቋ ትላለች፣ ጎንበስ ብዬ ሳይ በግራ በኩል የአክስሉ ላስቲክ ተቀዶ ግሪሱ ቸርኬውን ከውስጥ ለቅልቆታል፣ አሸዋ ገብቶ የመገጣጠሚያውን ኳሶች በልቷቸዋል። እዛ ከደረሰ በኋላ ላስቲክና ግሪስ ብቻ ቀይሮ ማሰር ብር መጣል ነው፣ ሻፍቱ ሙሉ ነው የሚቀየረው።

ግቢው ዳገት ነው፣ መኪናዋ አፍንጫዋን ወደ ላይ አድርጋ ቆማለች። የእጅ ፍሬኑ እንደላላ አይቻለሁ፣ ግን አንደኛ ማርሽ ውስጥ ናት ብዬ ተማመንኩ። ጎማው መሬት ላይ እያለ ደንበኛዬ ጋሼ ፍሬን ረግጠውልኝ የአክስሉን ጫፍ ጎማው መሃል ላይ የሚያስረውን ዳዶ በ30 ቡሶላና በማስረዘሚያ ቧንቧ አላላሁት፣ እስከዚህ ልክ ነበርኩ። ከዛ እሳቸው ወረዱ፣ በክሪክ አነሳሁ፣ ጎማውን ፈታሁ፣ ጎማው የሚታሰርበትን ክፍል ከታች የሚይዘውን ቦል ጆይንት አላቅቄ ሻፍቱን ከጎማው በኩል አወጣሁትና የውስጡን ጫፍ ከካምቢዮው ለማስለቀቅ በብረት መፈልቀቅ ጀመርኩ። በሦስተኛው ቀጭ ብሎ ለቀቀ፣ ያኔውኑ ክሪኩ ሲያዘም አየሁት።

ተስፈንጥሬ ወጣሁ። መኪናዋ ወደ ኋላ ተንሸራታ ዲስኩ ጭቃው ውስጥ ተሰካ፣ ክሪኩ እግሬ የነበረበት ቦታ ላይ ተገልብጦ ወደቀ። ጋሼ ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጭነው "ልጄ ተረፍክ? ተረፍክ ወይ?" ይሉኛል፣ እኔ መልስ መስጠት አቅቶኝ እግሬን ነው የምዳብሰው።

ምን ሆነ መሰላችሁ፣ ማርሽ የሚይዘው ሁለቱም የፊት ጎማ መሬት ሲነካ ነው። አንዱ አየር ላይ ከሆነ ዲፈረንሻሉ (ኃይሉን ለሁለቱ ጎማዎች የሚያካፍለው) እሱን ወደ አንድ አቅጣጫ እያዞረ መሬት ያለውን ወደ ሌላው ይለቀዋል፣ ሻፍቱ ከወጣማ ጭራሽ የሚይዘው ነገር የለም። አውቶማቲክም ሆና ፒ (የማቆሚያው ቦታ) ላይ ብትሆን ያው ነው። ያቺን መኪና ይዟት የነበረው የላላው የእጅ ፍሬን ብቻ ነው፣ እኔ በብረት ስነቀንቃት እሱም ለቀቀ። ይሄን ዲፈረንሻል ስንት ጊዜ ፈትቼ ገጥሜዋለሁ፣ ግን ዳገት ላይ ምን እንደሚያደርግ አስቤው አላውቅም ነበር፣ እስካሁን የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።

ጋሼ ምንም ሳይናገሩ ገብተው መጋዝ አመጡና ከባሕር ዛፍ ግንድ ሁለት ታኮ ቆረጡልኝ። ከኋላ ጎማዎቹ ሥር በመዶሻ መትቼ አስገባኋቸው፣ እንደገና አነሳሁ፣ አሁን በክሪክ ብቻ ሳይሆን ስታንድ (የብረት መደገፊያ) ሥሯ አድርጌ። አዲሱን ሻፍት ከአሮጌው ጎን አጋድሜ ርዝመቱንና ጥርሱን አስተያየሁ፣ ኦይል ሲሉን (ዘይት እንዳይፈስ የሚይዘውን ላስቲክ) ቀይሬ ከንፈሩን ዘይት ቀባሁት፣ የፈሰሰውን የካምቢዮ ዘይት ሞላሁ። ዳዶውን ጎማው መሬት ከነካ በኋላ ነው ያጠበቅኩት፣ ከ200 ኒውተን ሜትር በላይ ስለሚፈልግ ክሪክ ላይ እያለች አይሞከርም።

ሲመሽ ጋሼን አጠገቤ አስቀምጬ መሪውን እስከ መጨረሻ ጠምዝዤ ዞርኩ፣ ድምፅ የለም። ታኮዎቹን ልመልስላቸው ስል "ያንተ ናቸው፣ ያዛቸው" አሉኝ።