ገንዳ ውስጥ ተገልብጬ የተማርኩት

ባሕር ዳር ሠልጥኜ መርከብ ላይ ስወጣ የያዝኩት የደኅንነት ሰርተፍኬት የትም የሚያስገባኝ ይመስለኝ ነበር። ኤስቲሲደብሊዩ ቤዚክ ሴፍቲ የሚባለው የመርከበኞች ዓለም አቀፍ መሠረታዊ የደኅንነት ሥልጠና እኮ ቀላል ነገር አይደለም። እሳት ማጥፋት አለ፣ ባሕር ላይ ራስን ማዳን አለ፣ የመጀመሪያ ዕርዳታ አለ። ጥቂት ዓመታት በጭነት መርከብ ሠርቼ የባሕር ላይ ነዳጅ ማውጫ ሥራ ሳፈላልግ ግን የመጀመሪያው ጥያቄ "ቦሲየት አለህ?" ሆነ። ስሙን እንኳ ሰምቼው አላውቅም።

ቦሲየት ነዳጅና ጋዝ ማውጫ ላይ ለሚሠሩ የሚሰጥ የ3 ቀን ኮርስ ነው። ወደ ማውጫው ብዙ ጊዜ የሚኬደው በሄሊኮፕተር ስለሆነ፣ ሄሊኮፕተሩ ባሕር ላይ ቢወድቅ እንዴት እንደሚወጣ ያስተምራል። የመርከቡ ሥልጠና ይህ የለውም።

እኔ ደግሞ ቸኮልኩ። ያኔ ዱባይ ነበርኩና ትሮፒካል የሚባለውን፣ ለሞቃት ባሕር የተዘጋጀውን የቦሲየት ኮርስ ከፍዬ ወሰድኩ። የተገኘው ሥራ ሰሜን ባሕር ላይ ሆኖ ቁጭ! እዚያ ውኃው ስለሚቀዘቅዝ የሚፈለገው በሰርቫይቫል ሱት (ከቅዝቃዜ በሚከላከል ልብስ) እና በትንሽ የአየር ጠርሙስ የሚሰለጠንበት ቦሲየት ነው። ገንዘቤን ውኃ በላው። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት የኮርሱን ሙሉ ስም ቀጣሪው በጽሑፍ ይላክላችሁ፤ "ቦሲየት በቃ" የሚላችሁን ደላላ አትስሙ።

ከሄሊኮፕተር መውጣቱን የምንለማመድበት ወደ ገንዳው ልመለስ። የሄሊኮፕተር ሆድ የመሰለ ሳጥን ውስጥ ታስሮ መቀመጥ ነው። ሳጥኑ ቀስ ብሎ ውኃ ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ ይገለበጣል። እግር ላይ፣ ራስ ታች። ውኃው በአፍንጫ ሲገባ እስከ ጭንቅላት ያቃጥላል፣ የቱ ወደ ላይ የቱ ወደ ታች እንደሆነ ይጠፋል፣ እጅ ደግሞ ሳይታዘዝ ወደ ቀበቶው ይሮጣል። የመጀመሪያው ጊዜ ላይ ፈታሁት። ከወንበሩ ተንሳፍፌ መስኮቱ ጠፋኝ፣ ጠላቂው ጎትቶ አወጣኝ። አሠልጣኙ አልተቆጣም፤ "ማን አስቸኮለህ?" ብቻ አለኝ።

ዘዴው ይኼ ነው፦ አንድ እጅ መስኮቱ ላይ፣ ሌላው ቀበቶው ላይ። መገለባበጡ እስኪቆም ጠብቁ። መጀመሪያ መስኮቱን ግፉት፣ ምክንያቱም ቀበቶው ካልያዛችሁ ስትገፉ ወደ ኋላ የምትሄዱት እናንተ ናችሁ። ከዚያ ቀበቶውን ፍቱና መስኮቱን በያዘው እጅ ራሳችሁን ሳቡ። ደብረ ብርሃን አድጌ ዋና ላይ ደካማ ነኝ፣ ግን ላይፍ ጃኬት ስላለ እሱ አላስቸገረኝም። ያስቸገረኝ ድንጋጤው ነው። ከዋዜማው ጀምሮ እቤቴ ወንበር ላይ ዓይኔን ጨፍኜ ብለማመደው ኖሮ ያ ሁሉ ውኃ አልጠጣም ነበር።

የኮርሱ የእሳትና የጭስ ክፍል መርከብ ላይ ለሠራ ሰው አዲስ አይደለም። የሕክምና ምርመራውን ግን አስቀድሙት፤ የደም ግፊቱ አስቁሞት የኮርስ ክፍያው የተቃጠለበት ልጅ አይቻለሁ።

ሰርተፍኬቱ የሚያገለግለው 4 ዓመት ነው። ሳያልፍበት ከሄዳችሁ የአንድ ቀን ማደሻ ይበቃል፣ ካለፈበት ግን ሙሉውን እንደ አዲስ ነው። የእኔ ሊያልቅ 2 ወር ቀርቶታል፣ አፍንጫዬም ከአሁኑ ማቃጠል ጀምሯል።