አዳማ ያለውን ኮምፒዩተር ሀዋሳ ሆኖ መክፈት

አግብቼ ሀዋሳ ስገባ የአዳማውን ሥራዬን አለቀቅኩም። የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ የግንባታ ዕቃ የሚሸጥ ድርጅት መዝገብ እይዛለሁ። መዝገቡ ያለው ፒችትሪ በሚባል የሒሳብ ፕሮግራም ላይ ነው፤ ፒችትሪው ደግሞ አዳማ ቢሮ፣ ከካዝናው አጠገብ ባለው ዴስክቶፕ ላይ። ቫት በምናሳውቅበት ሰሞን በሻሸመኔ፣ በዝዋይ፣ በሞጆ አድርጌ እመላለስ ነበር። ሳረግዝ ሐኪሜ “መንገዱን ተይው” አለችኝ። ሪሞት ዴስክቶፕ፣ ማለትም ሩቅ ያለን ኮምፒዩተር በኢንተርኔት ከፍቶ የሚያሠራ ፕሮግራም ፍለጋ የገባሁት ያኔ ነው።

የጠየቅኩት ሰው ሁሉ “ዊንዶውስ የራሱ አለው” ይለኛል። አለው፤ ግን የሚገባበት ኮምፒዩተር ዊንዶውሱ ፕሮ የሚባለው ዓይነት ወይም ከዚያ በላይ መሆን አለበት። ሆም በሚባለው ዓይነት ወደ ሌላ መግባት ይቻላል እንጂ ሌላ ሰው ሊገባበት አይችልም፤ የእኛው ደግሞ ሆም ነው። ፕሮ ቢሆን እንኳ 3389 የተባለውን ፖርት፣ የዊንዶውሱ ሪሞት ዴስክቶፕ የሚገባበትን በር፣ ራውተሩ ላይ ለዓለም ከፍቼ አልተውም ነበር። ፋይል ቆልፈው ገንዘብ የሚጠይቁት ሌቦች አዘውትረው የሚያንኳኩት እሱን ነው። የሠራተኛ ደሞዝና የደንበኛ ዕዳ የተጻፈበት መዝገብ አደራ ነው።

ከዚያ አንድ የታወቀ ነፃ ፕሮግራም ጫንኩ። ሁለት ሳምንት ጥሩ ሠራ፤ በኋላ “ለንግድ እየተጠቀምሽበት ነው” እያለ በየጥቂት ደቂቃው ይዘጋብኝ ጀመር። የቫት ማሳወቂያው ጊዜ ሊያልፍ ሁለት ቀን ነበር የቀረው። ነፃ የተባለው ለግል መጠቀሚያ ብቻ መሆኑን አስቀድሜ ማንበብ ነበረብኝ፤ እናንተ ግን ሳትጭኑ በፊት አንብቡት።

ኤኒዴስክ የሚባለውን ሌላ ፕሮግራምም አይቻለሁ። ፋይሉ ትንሽ ነው፣ ሳይጫንም ይከፈታል፤ ነፃው ግን እሱም ለግል ነው። በመጨረሻ የረጋሁት ረስትዴስክ በሚባለው ፕሮግራም ላይ ነው። ኮዱ ክፍት ነው፣ ለሥራም በነፃ ይሠራል፣ የፈለገ ሁለቱን ኮምፒዩተሮች የሚያገናኝ የራሱን ሰርቨር ማቆም ይችላል። ኔቱ ሲደክም የምስሉን ጥራት አወርደዋለሁ፤ ቁጥርና ሠንጠረዥ ለማየት ይበቃኛል። አማርኛ ስጽፍ ፊደሉ እየተደራረበ አስቸግሮኝ ነበር፤ ለካ የአማርኛ መጻፊያው ፓወር ግዕዝ እዚህም እዚያም በርቶ ነው። የላፕቶፔን ሳጠፋው ተስተካከለ።

ከፕሮግራሙ ምርጫ በላይ ያንገላታኝ ግን መብራት ነው። አንድ ማታ 3 ሰዓት ላይ እየሠራሁ ስክሪኑ ቀጥ አለ። አዳማ መብራት ሄዷል፤ መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚይዘው ዩፒኤስም ትንሽ ይዞ ለቀቀ። መብራቱ ሲመጣ ኮምፒዩተሩ አልተነሣም። ቢሮው ውስጥ ሰው የለም፤ ግቢው ውስጥ ያሉት ዘበኛው ብቻ ናቸው። ደወልኩላቸው።

“አባባ፣ ከጠረጴዛው ሥር ጥቁር ሣጥን አለ። ፊቱ ላይ ያለውን ክብ ቁልፍ አንዴ ይጫኑልኝ።”

“የቱን ልጄ? ጥቁር ሣጥን ሁለት ነው።”

ጢጥ ሲል በስልኩ ሰማሁት፤ የተጫኑት ዩፒኤሱን ነው።

“ጮኸ” አሉኝ ደንግጠው።

“አይዞዎት አባባ፣ መልሰው ይጫኑትና ያብሩት። ከዚያ ከፍ የሚለውን ሣጥን ነው የምፈልገው።”

ከጠረጴዛው ሥር በስልክ ባትሪ ብርሃን እያዩ፣ ሩብ ሰዓት ፈጅቶብን አስነሣነው። እሳቸው ባይኖሩ ያን ማታ የትኛውም ፕሮግራም አያድነኝም ነበር።

ከወለድኩ በኋላ አዳማ በሄድኩ ጊዜ መጀመሪያ የነካሁት ባዮሱን፣ ኮምፒዩተሩ ዊንዶውስ ከመክፈቱ በፊት የሚገባበትን ማስተካከያ ነው። መብራት ሄዶ ሲመለስ ኮምፒዩተሩ ምን ያድርግ የሚል ምርጫ አለ፤ ራሱ እንዲነሣ አደረግኩት። ሳይነካ ሲቆይ ስሊፕ እንዳይገባ፣ ማለትም እንዳይተኛም ከለከልኩት። ረስትዴስክ ከዊንዶውሱ ጋር አብሮ እንዲነሣ አድርጌ ረጅም ቋሚ ፓስወርድ ሰጠሁት፤ ሥራ ስጨርስም ዊንዶውሱን ቆልፌ ነው የምወጣው፣ ቀርታ የምታመሽ ገንዘብ ያዥ ስላለች። ለእሷም አጥብቄ የነገርኳት አለ፦ ማንም ደውሎ “ይህን ጫኚና የሚመጣልሽን ቁጥር ንገሪኝ” ቢላት፣ ከባንክ ነኝ ቢልም፣ ስልኩን ትዝጋ።

ባለፈው ወር ሕፃኗን አስተኝቼ ስሠራ መብራቱ እንደገና ሄደ። አባባ በስልክ መጣ ሲሉኝ ጥቂት ጠብቄ ሞከርኩ፤ ስክሪኑ ከፊቴ ተከፈተ። አባባ ስልኩን ገና አልዘጉትም ነበር።

“ዛሬ የቱን ልጫን?”

“ምንም አባባ፣ ራሱ ተነሣ።”

“እሰይ! ልጅቷስ ደህና ናት?”